ጡረታ ሲሰላ አበሉ የት ይገባል?

ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የአስተዳደሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሰው ሀብት ክፍል የምሠራ ሠራተኛ ነኝ። ጡረታ የሚወጡ ባልደረቦቻችንን ማኅደር አሟልቶ ወደ እናንተ መላክ ከሥራዬ አንዱ ነው። የምጽፍላችሁም ከዚያ ማኅደር ውስጥ ሁልጊዜ ስለማየው ነገር ነው። ለጡረታ የሚያዘው ደመወዝና ሠራተኛው ሲከፈለው የኖረው ገንዘብ እየተራራቁ ሄደዋል። ይህ ልዩነት እንዲጠብ ነው የምጠይቀው።

ሕጉ የሚለውን እናንተ ታውቃላችሁ። ሌላው አንባቢ እንዲከተለኝ ግን ላስቀምጠው። ለጡረታ የሚታሰበው ደመወዝ፣ ግብርና ሌላ ተቀናሽ ሳይነሳለት፣ ለመደበኛ የሥራ ሰዓት በየወሩ የሚከፈለው ነው። የኃላፊነት አበል እዚህ ውስጥ የለም። የቤት አበል የለም። የትርፍ ሰዓት፣ ዲዩቲ (ተረኛ ሆኖ ለመሥራት የሚከፈል)፣ የተጋላጭነት፣ የበረሃ አበልም የለም። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 11 በመቶ የሚያዋጡት ከመደበኛው ደመወዝ ላይ ብቻ ነው። የጡረታ አበሉም የሚሰላው ከእሱ ብቻ ነው።

ድሮ ይህ ብዙም ላይከፋ ይችል ይሆናል። ዛሬ ግን ፔሮሉን ገልጣችሁ እዩት። ነርሷ ቤተሰቧን የምታስተዳድረው በዲዩቲ ነው። የክፍል ኃላፊ የሆነው የዩኒቨርሲቲ መምህር የቤት አበልና የኃላፊነት አበል አለው። ቆላ ወርዶ የሚሠራው ባለሙያ የበረሃ አበል ይከፈለዋል። እነዚህ ገንዘቦች አልፎ አልፎ የሚመጡ ስጦታዎች አይደሉም። በየወሩ ይከፈላሉ። የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፈነው በእነሱ ነው። የደመወዝ ጥያቄ ሲነሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ መልሱ ደመወዝ መጨመር ሳይሆን አበል መጨመር ሆኖ ቆይቷል። አበል ሲጨመር መንግሥት የ11 በመቶ መዋጮ አይጨምርም። ሠራተኛው ለጊዜው ደስ ይለዋል። 60 ዓመት ሞልቶት ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ገንዘብ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ግብር ላይ እንዲህ አይደለም። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ አበልን ከደመወዝ ጋር አንድ ላይ የመቀጠር ገቢ ብሎ ይይዘዋል። እንደ ትራንስፖርት አበል ያሉ በተወሰነ መጠን ነፃ የሚሆኑ አሉ፤ የኃላፊነቱና የቤቱ አበል ግን ግብር ይቆረጥበታል። ያው መንግሥት፣ ያው ፔሮል፣ ያው ወር። ግብር ሲቆረጥ ገቢ የሆነ ገንዘብ ጡረታ ሲሰላ የሚጠፋበትን ምክንያት ለሠራተኛ ማስረዳት ያቅተኛል። ደግሞም ሁሉም ይጠይቃሉ። ቅጹን ፈርመው ሊወጡ ሲሉ ብዙዎቹ ዞር ብለው «አበሌስ?» ይላሉ።

በቁጥር እንየው። ምሳሌው የራሴ ነው፤ ስሌቱ ግን የጡረታ አዋጁ ነው። 30 ዓመት ያገለገለች ነርስ እንበል። መደበኛ ደመወዟ 12,000 ብር ነው። በዲዩቲና በሌላ አበል በየወሩ 4,000 ብር ታገኛለች። ከግብር በፊት ገቢዋ 16,000 ብር ነው ማለት ነው። አዋጁ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ ይሰጣታል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይጨምርላታል። ለ20 ዓመት 25 በመቶ ሲጨመር 55 በመቶ ይመጣል። የ12,000 ብር 55 በመቶ 6,600 ብር ነው። ስትኖርበት ከነበረው 16,000 ብር ጋር ሲነጻጸር ግን ወደ 41 በመቶ ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ 55 ይላል፤ ቤቷ የሚገባው 41 ነው።

ጣሪያው 70 በመቶ መሆኑም ይታወቃል። እዚያ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ቀን ሳያቋርጥ እስከ 60 የሠራ ሰው ብቻ ነው የሚደርስበት። ዲግሪ ይዞ የገባ ሰው አይደርስበትም።

አሁን ደግሞ የባሰ ነገር አለ። ስሌቱ የሚወስደው የመጨረሻውን ደመወዝ አይደለም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ነው። ዋጋ በማይናወጥበት አገር ይህ ተገቢ ነው። ሰው ሊወጣ ሲል ደመወዙን በሰው ሠራሽ መንገድ እንዳያሳድግ ይከላከላል። እኛ ጋ ግን በቅርብ ዓመታት የደመወዝ ስኬሉ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ሄደ፤ የዲግሪ ምሩቅ መነሻም ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አደገ። ስኬሉ የተቀየረው ኑሮው ስለተወደደ ነው፤ ብሩ ከሐምሌ 2016 መጨረሻ ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ያየነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጡረታ የሚወጣው ሰው ግን እስከ 2020 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ አማካዩ ውስጥ የድሮው ስኬል ወራት ይገቡበታል። የዛሬውን ዘይት የሚገዛው በትናንቱ ደመወዝ ነው።

ወደ ነርሷ ልመለስ። 12,000 ብር ማግኘት ከጀመረች ገና አንድ ዓመቷ ነው እንበል። ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት ዓመታት በ7,500 ብር ነበሩ። አማካዩ 9,000 ብር ይሆናል። 55 በመቶው 4,950 ብር ነው። ካለፈው ወር ገቢዋ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። እሷ ብታርፍ ለባለቤቷ የሚደርሰው የዚህ ግማሽ ነው፤ 2,475 ብር። በዛሬ ዋጋ 2,475 ብር ለአንድ ሰው የአንድ ወር አስቤዛ ይሆናል ወይ? ይህን ጥያቄ የምጠይቀው ክርክር ለማሸነፍ አይደለም። እዚህ ቁጥር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ስለማውቅ ነው።

የሚመጣብኝ መልስ ይገባኛል። አንደኛው የፈንዱ ጉዳይ ነው። ያልተዋጣበት ገንዘብ ጡረታ ሊከፈልበት አይችልም። ልክ ነው፤ እኔም ያለ መዋጮ ይከፈል አላልኩም። በነርሷ 4,000 ብር አበል ላይ እሷ 280 ብር፣ መንግሥት 440 ብር በየወሩ ያዋጡ ነው የምለው። 280 ብሩ ከኪሷ ይወጣል። ወጣት ሠራተኞች ይህን እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ ዛሬ ከእጃቸው የሚጎድል ብር ነውና። ስለዚህ በአንድ ቀን አይጫን። መዋጮው ከ4 እና 6 በመቶ ተነስቶ 7 እና 11 በመቶ የደረሰው ደረጃ በደረጃ ነበር። ይህም እንደዚያው ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው መልስ ማጭበርበርን የሚመለከት ነው። አበል ከተቆጠረ፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ሁሉ ኃላፊ ልሁን ይላል፤ ዲዩቲ ይደራረብለታል። ይህ ስጋት እውነተኛ ነው። መፍትሔ ግን አለው። አበሉ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ሳይሆን መዋጮ በተከፈለበት ዘመን ሁሉ አማካይ ይታሰብ። ያኔ በመጨረሻ ሰዓት መደራረብ ብዙ አያተርፍም። አሥራ አምስት ዓመት ሌሊት ሌሊት የሠራች ነርስ ግን ድካሟ ይቆጠርላታል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ያውቁታል። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የጡረታ መዋጮ የሚቆረጠው ከኦቨርታይሙም ጭምር ነው። ስሌቱ ከፍተኛ ገቢ የተገኘባቸውን 35 ዓመታት ይወስዳል፤ የድሮውን ዓመት ገቢም በኋላ ዘመን የደመወዝ ደረጃ ልክ ከፍ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። እንዳለ ገልብጡት አልልም። የድሮ ደመወዝን ሳያስተካክሉ ከአዲሱ ጋር መደመር ግን ግዴታ አለመሆኑን ያሳያል።

ሁሉም አበል ይግባ ማለቴም አይደለም። የውሎ አበልና የነዳጅ ክፍያ ለወጣ ወጪ የሚተኩ ናቸው፤ እነሱ ይቅሩ። እኔ የምለው ለሥራው ዋጋ ሆነው በየወሩ የሚከፈሉትን ነው። ለይቶ ማውጣቱ አይከብድም፤ ፔሮሉ ላይ ሁሉም በየራሱ ዓምድ ተቀምጧል።

ለጡረተኞች በየጊዜው ማስተካከያ እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ሲደረግም ብዙ ቤት ውስጥ እፎይታ ይመጣል። ማስተካከያው ግን መነሻውን አያርመውም። ከ4,950 ብር የተነሳ ሰው የሚጨመርለት በ4,950 ብር ላይ ነው።

ስለዚህ ከመሥሪያ ቤታችሁ የምጠይቀው ይህን ነው። ቋሚ አበሎች ወደ መዋጮው ቢገቡ ፈንዱ ምን ያህል እንደሚያገኝና ምን ያህል እንደሚከፍል በአክቹዋሪ (የፈንድን የወደፊት ገቢና ክፍያ በሚያሰላ ባለሙያ) አስጠንታችሁ ውጤቱን ለሕዝብ ይፋ አድርጉ። በ2014ቱ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ላይ ማሻሻያ ሲረቀቅ የደመወዙን ትርጉም ዳግም እንዲታይ አቅርቡ። ስኬል በተቀየረበት ጊዜ ለሚወጡት ደግሞ፣ ከለውጡ በፊት የነበሩት ወራት በአዲሱ ስኬል ተስተካክለው አማካዩ ውስጥ እንዲገቡ ሐሳብ አቅርቡ። ይህኛው አስቸኳይ ነው። በዚህ ወር ማኅደራቸውን የምልክላችሁ ሰዎች ስሌት በድሮው መንገድ ከተዘጋ በኋላ የሚወጣ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ ላይደርስላቸው ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰው ሀብት ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን
ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት