«አሸዋ ብቻ አፍስሱልን» ለምትሉን ደንበኞቻችን

ለ፦ ክቡራን ደንበኞቻችን
ጉዳዩ፦ የፈረስ ማሠልጠኛ ሜዳ አሠራርን ስለማብራራት

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ሰሞኑን ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም ስትደውሉልን ጥያቄያችሁ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ቦታው ደልዳላ ነው፤ ቁፋሮውን ተዉትና አሸዋ ብቻ አፍስሱልን፤ ዋጋውም ይቀንሳል።» ዋጋው እውነትም ይቀንሳል። ሥራውን ግን አንቀበልም። ምክንያቱን በሚቆራረጥ ስልክ ከምናስረዳችሁ በጽሑፍ ቢደርሳችሁ ይሻላል ብለን ነው።

ፈረስ ቆሞ ሳለ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ናቸው። ሲጋልብ ደግሞ አንዱ የፊት እግር መሬት ሲረግጥ ከመላ ክብደቱ እጥፍ በላይ ጫና ያርፍበታል። መሬቱ ድርቅ ያለ ከሆነ ያ ጫና ከሰኮናው ወደ ቁርጭምጭሚቱና ወደ ጉልበቱ ይወጣል፤ መገጣጠሚያው ቀስ በቀስ ያልቃል። አስፋልት ላይ የሚውል የጋሪ ፈረስ ያላችሁ ይህን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። አሸዋው ከጠለቀ ደግሞ ፈረሱ እግሩን ለመንቀል ሲታገል ጅማቱ ይጎዳል። «ለስላሳ» ማለት «ጥልቅ» ማለት አይደለም። ስለዚህ ከ5 ሴንቲ ሜትር እንጀምራለን፤ ካነሰ መጨመር ቀላል ነው።

ዋናው ጉዳይ ከሥር ነው። የእኛ ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አሸዋ በላዩ ብታፈሱበት የሐምሌ ዝናብ ከጭቃው ጋር ያቦካዋል፤ ገንዘባችሁም አብሮ ይቦካል። በዚያ ላይ በወሎ ውኃው ከሰማይ ብቻ አይመጣም፤ ከተራራውም ይወርዳል። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ከሜዳው በላይ በኩል መቀልበሻ ቦይ የምንቆፍረው። ከዚያ የላዩን አፈር እናነሳለን፤ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዘቅዘቅ እናደርገዋለን፤ ጭቃና ድንጋይ እንዳይቀላቀሉ ጂኦቴክስታይል (ውኃ የሚያሳልፍ ጠንካራ ጨርቅ) እናነጥፋለን፤ በላዩ 15 ሴንቲ ሜትር የተፈጨ ድንጋይ በሮለር እንጠቀጥቃለን። አሸዋው የመጨረሻው ነው።

ደረሰኙ የሚከብዳችሁም በዚህ ምክንያት ነው። 20 በ40 ሜትር ለሆነ ሜዳ አሸዋው 40 ሜትር ኩብ ሲሆን፣ ከሥር የማታዩት ድንጋይ ግን ተጠቅጥቆ 120 ሜትር ኩብ ነው።

ስለ አሸዋው አንድ ጥፋታችንን እንናገር። መጀመሪያ በሠራነው ሜዳ ላይ የወንዝ አሸዋ አፈሰስን። ሲያዩት ያምራል፣ የጠራ ነው። ነገር ግን ውኃ ያንከባለለው ስለሆነ ፍሬው ክብ ነው፤ ከሰኮና ሥር እንደ ብይ ይሽከረከራል። ለጉግስ የሚሠለጥን ፈረስ በድንገት ሲዞር አንሸራተተው። ፈረሱ ተርፏል፤ አሸዋውን ግን በራሳችን ወጪ ጠርገን አነሳነው። አሁን የምንጠቀመው ድንጋይ ተፈጭቶ የሚገኘውን፣ ጠርዝ ያለውን የክሬሸር አሸዋ ነው፤ እሱም ዱቄቱ ካልወጣለት እንደ ሊሾ ይደርቃልና ሳናስነፋ አናፈስም።

እንክብካቤው የእናንተ ነው። ፋንድያውን በየዕለቱ አንሱ፤ ፈርሶ ከአሸዋው ከተደባለቀ ውኃ ማስረጉን ይከለክላል። በበጋ ውኃ አርከፍክፉበት፤ እርጥብ አሸዋ እግር ይይዛል፣ ደረቁ ይንሸራተታል፣ አቧራውም ለፈረሱ ሳንባ አይበጅም። ፈረሶች ዳር ዳሩን ስለሚደጋግሙ የተገፋውን አሸዋ በሬክ ወደ ቦታው መልሱ።

ከሰኔ አጋማሽ በኋላ የሚመጣ ትእዛዝ ጥቅምትን ይጠብቃል። ረግረግ ባለ ዋልካ ላይ ሮለር ቢመላለስ መሬቱን ያቦካዋል እንጂ አይጠቀጥቀውም።

ከሰላምታ ጋር
የመስክ ሥራ ክፍል፣ ደሴ