ከዘጋሽ በኋላ በጣትሽ ንኪው

ሚሚዬ፣ የኔ ልጅ፣

እንዴት ነሽ? ትንሹስ ሳሉ ተሻለው? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አሟት ነበር፤ ዛሬ ተነስታ ቡና እያፈላች ነው።

ስልክ ልደውልልሽ ሁለቴ አነሳሁና ተውኩት። በስልክ ሲሆን እኔ እጮሃለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ትንሹን አስተኝተሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

እናትሽ የሐሙስ ሌሊቱን ነግራኛለች። ያ ባለ ቧንቧው የላስቲክ የውሃ ከረጢት ሲፈስ አድሮ፣ ውሃው ታች ወርዶ፣ የጎረቤትሽን ፍራሽ አበስብሷል። አንቺም «ከረጢቱ ተቀዶ ነው» ብለሻቸዋል። ይሄን ስሰማ «ይሁን፣ ዕቃ ነው» አልኩ። ቀጥሎ የነገረችኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በብሎካችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ከታችኛዋ ሱቅ ይሄን ከረጢት እንዳትገዙ፣ ይቀደዳል» ብለሽ ጽፈሻል።

እሁድ ልጠይቃችሁ መጥቼ «ልጠግነው» ብዬ ይዤው የሄድኩት ለዚህ ነው። እስከ አፉ ሞላሁት። ከስሩ ደረቅ ካርቶን አነጠፍኩና አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተውኩት። ካርቶኑ አልረጠበም። በሁለት እጄ ተጫንኩት። አሁንም ደረቅ ነው። ስፌቱን ዙሪያውን በሶፍት ጠረግኩት፤ ሶፍቱም ደረቅ ነው።

ልጄ፣ ከረጢቱ አልተቀደደም።

ከዚያ ቧንቧውን ትንሽ፣ የጥፍር ያህል ላላ አደረግኩት። ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አምስት ኪሎ ዱቄት ላዩ ላይ ጫንኩ። ጠብታው ክር ሆነ። እናትሽ ዓርብ ጠዋት ስትደርስ የዱቄቱ ጆንያ ከረጢቱ ላይ ተጋድሞ አግኝታዋለች። የሆነው ይሄ ነው። ማታ ዕቃ ስታጥቢ ቧንቧውን ዘጋሁ ብለሽ አልዘጋሽውም። ሌሊት ጆንያው ተንሸራቶ ተጋደመበት። ደክሞሻል፣ ልጅ ታሞብሻል፣ አውቃለሁ። ግን ከዘጋሽ በኋላ በጣትሽ ንኪው። ከቧንቧው አፍ ስር ጣትሽን አድርጊና እስከ አስር ቁጠሪ። ጣትሽ ከረጠበ አልተዘጋም ማለት ነው። በዓይን አይታወቅም፤ በተለይ መብራት በሌለበት ማታ።

ጀሪካን ሌላ ነው። ጀሪካን ላይ ብትቀመጪበትም ውስጥ ያለው ውሃ አይሰማውም፤ ክብደትሽን የሚሸከመው ግድግዳው ነው። ከረጢት ግድግዳ የለውም። የጫንሽበት ሁሉ በቀጥታ ውሃው ላይ ያርፋል፣ ውሃው ደግሞ ባገኘው ቀዳዳ ይወጣል። ትንሹ ሮጦ ቢደገፍበት እንኳ አወራረዱ ይለወጣል።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ በስድስት ዓመትሽ ታይፎይድ ይዞሽ ተኝተሽ ነበር። ግሉኮስ ተሰቅሎልሽ፣ ነርሷ ጎማው ላይ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ በአውራ ጣቷ ገፋ እያደረገች ጠብታውን ታስተካክል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ጠብታ ስቆጥር አደርኩ። ያኔ ነው ልብ ያልኩት። የግሉኮሱ ከረጢት ሲጎድል ይጨማደዳል እንጂ አየር አይጠይቅም። ጀሪካን ግን ዘቅዝቀሽ ስትቀጂበት እየተናነቀ ነው የሚያወርደው፤ በወጣው ውሃ ልክ አየር መግባት አለበትና። ያንቺ ከረጢት ልክ እንደ ግሉኮሱ ነው። አየር ማስገቢያ ቀዳዳ አያስፈልገውም። በመርፌ እንዳትወጊው! ሊያልቅ ሲል ውሃው ቢቆም ሁለቱ ላስቲኮች ተጣብቀው አፉን ዘግተውት ነው። ቧንቧውን የበለጠ አትክፈቺ። ከላይ በኩል እንደ ጥርስ ሳሙና ጠቅልይው፣ ወደ ቧንቧው አዘንብይው፣ ይወርዳል።

ደግሞ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅዬ ጎማ እቀጥልበታለሁ ብለሻል አሉ። አታድርጊው። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። ትንሹ ጎማውን ይዞ ቢጎትተው በላዩ ላይ ነው የሚመጣው። ከፍ ስላደረግሽው ደግሞ ያሰብሽውን ያህል አይፈጥንም። ከቧንቧው በላይ ያለውን የውሃ ቁመት አራት እጥፍ ብታደርጊው ውሃው የሚፈጥነው እጥፍ ብቻ ነው። ለእጅና ለሳህን ደግሞ የክር ያህል ይበቃል። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ግድግዳ አስጠግተሽ አስቀምጪው። ምንም ነገር አይደገፍበት። ባንድ የሃይላንድ ጠርሙስ በሰዓት ለኪው፤ አንድ ሊትር በአንድ ደቂቃ የሚሞላ ከሆነ ደህና ነው። ጎማ መቀጠል ግድ ከሆነብሽ በአፍሽ አትሳቢው። ጎማውን መጀመሪያ ውሃ ሞልተሽ፣ ጫፉን በአውራ ጣትሽ ይዘሽ፣ ዝቅ አድርገሽ ልቀቂው። ለማቆም አጥፈሽ በላስቲክ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው።

እሰሪው ስል አንድ ሰው ታወሰኝ። ይሄን ታሪክ ለእናትሽም በሙሉ ነግሬያት አላውቅም።

በ1978 ዓ.ም. የአሰብ መንገድ ረዳት ነበርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። በፊያት ተሳቢ እንመላለስ ነበር። ያኔ የሚጠጣ ውሃ በሸራ ከረጢት ከመኪናው ፊት ላይ ይሰቀላል። ሸራው ሁልጊዜ ያልበዋል፤ ላቡ በነፋስ ሲደርቅ ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። የኛዋን የሰፏት ናዝሬት ያሉ አንድ ሸራ ሰፊ ሽማግሌ ነበሩ። ከስሯ ትንሽ የናስ ቧንቧ አበጅተውላታል።

ሎግያ ጎህ ሲቀድ ጠጣሁና ዘጋሁ። ዘጋሁ ብዬ አሰብኩ። አልነካሁትም። ኤሊዳርን አልፈን ወደ ማንዳ ስንሄድ ራዲያተሩ ፈላ። የበርሜሉን ውሃ ለራዲያተር ጨረስነው። የሚጠጣ ፍለጋ ወደ ሸራዋ ስሄድ ባዶዋን ተንጠልጥላለች። ቧንቧዋ ላላ እንዳለ ነው። ማንም ሳያየኝ ዘጋሁት። ሾፌሩ ሲጠይቁኝ «ሸራው አፍስሷል» አልኩ። ሸራ ሁሌም ርጥብ ነውና አመኑኝ። ቴርሞሳቸው ውስጥ የቀረችውን ለብ ያለች ሻይ «አንተ ልጅ ነህ» ብለው ለእኔ ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ የአፋር ሽማግሌ ግመሎቻቸውን ይዘው ደረሱልን። ውሃቸው በፍየል ቆዳ ስልቻ ነው። የስልቻውን አንገት በጭብጣቸው ጨብጠው፣ ሁለት ጣታቸውን ብቻ ላላ አደረጉ። ውሃው እንደ ክር ሆኖ መዳፌ ላይ ወረደ። አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም። ጠገብኩ ስል ጨበጡት፣ ቆመ። በጠፍር አሰሩትና እጃቸውን ከስሩ አድርገው ነኩት። የነገርኩሽ ነገር ከሳቸው ያየሁት ነው።

ሾፌሩ ናዝሬት ስንመለስ ለደረሰው ሾፌር ሁሉ «የሽማግሌው ሸራ ያፈሳል» አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ እኔን አምነው ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ በሱቃቸው በኩል ሳልፍ ሽማግሌው በሲንጀራቸው የጤፍ ጆንያ ሲጠግኑ አየኋቸው። ጠሩኝ። አልተቆጡኝም። አንድ ሸራ ከግድግዳው አወረዱና ፊቴ ዘረጉት። «ልጄ፣ በየት በኩል ነው የለቀቀው? አሳየኝ፣ ላስተካክለው» አሉኝ።

ሚሚዬ፣ በጣቴ አሳየኋቸው። ዝም ብዬ አንዱን ስፌት። «እዚህ ጋ» አልኩ። አጎንብሰው በመነጽራቸው ስር ያዩት ጀመር። ከዚያ ወዲያ ያን ስፌት በድርብ ክር ይሰፉት ነበር አሉ። ላልነበረ ጥፋት። አሰብ ከቀረ ስንት ዓመቱ ነው፤ እኔ ግን አሁንም ያ ጣቴ ይታየኛል። አልተመለስኩም። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል አረፉ።

እናትሽ የነገረችኝን ልጨምርልሽ። የሱቋ ልጅ ዓርብ ማታ በርሽ ድረስ መጥታ «እህቴ፣ የት ጋ ነው የተቀደደው? ላመጣልኝ ሰው ላሳየው» ብላሻለች። አንቺም «ጥዬዋለሁ» ብለሻታል። እናትሽ ይሄን የነገረችኝ እንደ ቀላል ወሬ ነበር። እኔ ግን ቡናዬን መጠጣት አቃተኝ።

ልጅቷ ያቺን ሱቅ ይዛ ነው ቤት ኪራይ የምትከፍለው። እዚያ ኮዬ ፈጬ ውሃ በፈረቃ ሆኖ፣ አራተኛ ፎቅ ደግሞ ግፊቱ ሲደክም ሳይደርስ ሲቀር፣ ደረጃውን በጀሪካን እየወጣሽ ወገብሽ እንዳይቆረጥ ይሄን ያመጣችልሽ እሷ ናት። እኛም ቡራዩ የገፈርሳ ግድብ አጠገባችን ሆኖ በጀሪካን ነው የምንኖረው፤ ዕቃው ምን ያህል እንደሚያሳርፍ አውቃለሁ። ለግሩፑ ጻፊላቸው። «ከረጢቱ ደህና ነው፣ ቧንቧውን ያልዘጋሁት እኔ ነኝ» በይ። በመጀመሪያ ግን ሱቋ ድረስ ወርደሽ ለራሷ ንገሪያት። ዛሬ። ለነገ አትበይ፣ እባክሽ ልጄ።

እኔ አልተቆጣሁሽም። ትንሽ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከረጢቱን ይዤ እመጣለሁ። የቧንቧውን ጎሚኒ ቀይሬዋለሁ፤ የድሮው ደርቆ ነበር። እስክመጣ በጀሪካኑ ተጠቀሚ፣ የሱንም ክዳን ጥብቅ አድርጊ። ከረጢቱን ከእንግዲህ ሳይደርቅ እንዳታጥፊው፣ ይሻግታል፤ አፉን ከፍተሽ ወደ ታች ስቀይው። ፀሐይ ላይ አትተይው፣ ላስቲኩ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ለጎረቤትሽ ፍራሽ ስንት እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ ግማሹን እኔ እችላለሁ። ለትንሹ ብርቱካን አመጣለታለሁ።

ማታ ቧንቧውን ዝጊ። በጣትሽ ንኪው።

አባትሽ