የጅቡቲ መስመር ሾፌር አበል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ናፍጣ ዋጋ ደጋግማችሁ ጽፋችኋል። ስለሚነዳው ሰው ኑሮ ግን እምብዛም አላነበብኩም። ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳል።

ቤታችን የሚተዳደረው በደመወዙ ሳይሆን በአበሉ ነው። ደመወዙ የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም። አበሉ ደግሞ የሚታሰበው በምልልስ ነው። ወደብ ላይ ወረፋ ሲበዛ፣ ድንበሩ ላይ ጋላፊ ኬላ ሰነድ ሲጓተት ቀኑ ይሄዳል እንጂ ብሩ አይጨምርም። እዚያ ሙቀት ውስጥ ውሃውም ምግቡም በፍራንክ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው አበል ድንበር ሲሻገር የድሮውን ግማሽ እንኳ አይገዛም። እሱም ለልጆቹ እንዲተርፍ ብሎ ምሳውን ይዘላል። ይሄ እጅግ ያሳዝነኛል።

መኪናው ጋራዥ ከገባ አበሉ ይቆማል። በእጁ የተፈረመ ውል የለም። ሲጠይቅ መልሱ «ሾፌር ሞልቷል» ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ይህን ማን ይቆጣጠራል?

ከአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ይህን ጭነት የሚያመላልሱ ሰዎች ለቆሙበት ቀን አበል ሊታሰብላቸው ይገባል። እባካችሁ ጋዜጠኛ ጋላፊ ድረስ ላኩና ሾፌሮቹን ጠይቁ። አሠሪዎቹንም አብራችሁ ጠይቁልን።

የሾፌር ባለቤት፣ ከአዳማ