ለእማዬ፦ ሊሾውን እናፍርሰው

ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በየሳምንቱ እየተደዋወልን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። በስልክ አታስጨርሺኝማ። «እሺ፣ እሺ፣ በልተሻል ወይ?» ትዪኛለሽ፣ ከዚያ ካርዱ እንዳይቆጥር ብለሽ ትዘጊዋለሽ። በነጻ ነው የምንደዋወለው ብልሽ መቼ አምነሽኝ ታውቂያለሽ? ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

የምጽፈው ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ስለ ሊሾው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ አስደረግነው። ጭቃው ያዳልጣታል፣ ትወድቅብናለች ብዬ ነው። ጎመንሽ፣ ድንችሽ፣ ጥግ ላይ የነበረችው ጤና አዳም ሁሉም ከሥር ቀሩ። ከዚያ ሠራተኛ ቀጠርንልሽ። በርጩማዎችሽን አስወጥተን ሶፋ አስገባን። ዲሽ አስገጠምን። ሰው ሁሉ «ተባረኪ፣ እናትሽን ጦርሽ» አለኝ። ልዋሽሽ አልችልም፣ ኮርቼ ነበር።

ባለፈው ወር ግን «ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ ሐኪሙም ስኳርሽ ጠርዝ ላይ ነው አለኝ» ስትዪኝ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሳሰላው ሁሉም የመጣው ከሊሾው በኋላ ነው። እርግጥ እርጅናም አለ። ግን እሱ ብቻ አይመስለኝም።

አሁን የምንከባከባቸው ሴትዮ 96 ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት ሎማ ሊንዳ በምትባል ከተማ ነው፣ ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል። ሥራ የጀመርኩ ዕለት የታጠበ ፎጣ አልጋቸው ላይ ተከምሮ ነበር። ላጥፍላቸው እጄን ስሰድ ፎጣውን ጥብቅ አድርገው ያዙብኝ። «ይህን ከወሰድሽብኝ ከሰዓት በኋላ ምን ልሠራ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ፎጣውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ዳበሱት። ልክ አንቺ ነጠላ ስታጥፊ እንደምታደርጊው። ጠርዙን ከጠርዙ አገናኙ፣ ደግመው ዳበሱት። ሲጨርሱ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ተመለሱ። አንድ ፎጣ፣ አንድ ጉዞ። አሥራ አንድ ፎጣ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ሄደው አሥራ አንድ ጊዜ ተመለሱ። እኔ በሰዓት እየተከፈለኝ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ።

ልጃቸው በኋላ ሲያስረዳኝ «ያንቺ ሥራ እንዳይወድቁ ማየት ነው፣ እሳቸው የሚችሉትን እንዳትነኪ» አለኝ። የልጁም ዕድሜ 70 አልፏል። እሱም የራሱን ሣር ራሱ ነው የሚያጭደው።

ሴትዮዋ አድቬንቲስት ናቸው። ሃይማኖቷን ቀየረች እንዴ ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ አልቀየርኩም! ግን ብታዪያቸው ትወጃቸው ነበር። እንደኛ ቀዳሚት ሰንበትን ያከብራሉ። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራ ይቆማል፣ እስከ ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥንም አይከፈትም። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አዲስ አበባ የታከመበት ዘውዲቱ ሆስፒታልም ደርግ እስኪወርሰው ድረስ የነሱ ነበር።

ስለነዚህ ሰዎች ብዙ ተጠንቷል። አያጨሱም፣ አይጠጡም፣ ብዙዎቹ ሥጋ አይበሉም። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጅ ነው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ34 ሺህ በላይ የሚሆኑትን መዝግበው ለ12 ዓመት ተከታተሏቸው። ወንዶቹ ከሌላው የካሊፎርኒያ ነጭ ነዋሪ 7.3 ዓመት፣ ሴቶቹ 4.4 ዓመት ይበልጥ እንደሚኖሩ ታየ። ለውዝና መሰሎቹን በሳምንት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚበሉት ደግሞ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው እምብዛም ከማይበሉት በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ሴትዮዬም ጠዋት ጠዋት በቡና ስኒ ለክተው ይበላሉ። ቡናውን ግን አይነኩም፣ ሃይማኖታቸው አይወደውም። እዚህ ላይ ፊትሽ ሲቋጠር ታየኝ። አይዞሽ፣ ቡና ተይ ልልሽ አይደለም።

ምክንያቱም ቡና የሚጠጡትም ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ግሪክ ውስጥ ኢካሪያ የምትባል ደሴት አለች። ሽማግሌዎቿ ጠዋት ቡና አፍልተው ይጠጣሉ፣ ሜዳ ላይ የበቀለ ቅጠል ለቅመው ይቀቅላሉ፣ ቀትር ላይ ሸለብ ያደርጋሉ። ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ስለዚህ ይጾማሉም። በጾም ወራት ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። አንቺ ስልሳ ዓመት ሙሉ የጾምሽውን ዛሬ ሐኪሞች ቁጭ ብለው ያጠኑታል። ብቻ የዛሬው ጾማችን ላይ ትንሽ ቅሬታ አለኝ። ሁዳዴ ሲገባ ቤታችን ውስጥ ሳምቡሳ፣ ፓስቲ፣ በዘይት የሚንሳፈፍ ሽሮ ይበዛል። ለሥጋው የጾምነውን በዘይት እናወራርደዋለን። አንቺ በልጅነታችን ታደርጊው እንደነበረው ሽምብራ ቆልተሽ፣ ባቄላ ቀቅለሽ፣ በተልባ አጥቅሰን ስንበላ የነበረው ነበር ደጉ።

ጣሊያን አገር ሰርዲኒያ የሚባል ደሴት ላይ ደግሞ እረኞች አሉ። እዚያ ጉዳዩ ወንዶቹ ናቸው። በሌላ አገር መቶ ዓመት የሚደርሱት በብዛት ሴቶች ናቸው፣ እነሱ ተራራማ መንደሮች ውስጥ ግን ወንዱም ሴቱም እኩል ለእኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። ጃኒ ፔስና ሚሼል ፑለን የሚባሉ ተመራማሪዎች እነዚህን መንደሮች ካርታ ላይ በሰማያዊ ቀለም ስላከበቧቸው ነው ሰው ረጅም ዕድሜ ለሚኖርባቸው ቦታዎች «ብሉ ዞን»፣ ሰማያዊ ቀጣና፣ የሚባለው ስም የወጣው። ጥናቱን ያወጡት በ2004 ነው፣ ይህም፣ ከዚህ በኋላ የምጠቅስልሽ ዓመትም ሁሉ በፈረንጅ ነው። እረኞቹ የሚበሉት ባቄላ፣ እርሾ ያለው ዳቦ፣ የበግ አይብ ነው። የወይን ጠጅም በየቀኑ ይጠጣሉ፣ ሴትዮዬ ቢሰሙ ይጮሁ ነበር። ቀኑን ሙሉ ግን ከበጋቸው ጋር ዳገት ሲወጡ ቁልቁለት ሲወርዱ ነው የኖሩት። ማንም «ስፖርት ሥሩ» ብሏቸው አያውቅም። የመንዝ እረኛ ስፖርት ሠርቶ ያውቃል?

ልቤን የነካኝ ግን የጃፓኗ ኦኪናዋ ናት። ስለ እሷ ትንሽ ልርዘም።

የድሮዎቹ የኦኪናዋ ሰዎች ድሃ ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንኳ የሚበሉት ከግማሽ በላይ ስኳር ድንች ነበር። ስሙ ስኳር ይበለው እንጂ ነጭ ዳቦና ለስላሳ የሚያደርገውን አላደረገባቸውም። ከሱ ጋር የጓሮ ቅጠላ ቅጠል፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ አልፎ አልፎ ዓሣና ትንሽ የአሳማ ሥጋ። አብዛኞቹ አሮጊቶች ጓሮ አላቸው። ቤታቸው ውስጥ ሶፋ አልነበረም፣ ወለል ላይ ምንጣፍ ነበር። ለመብላት ቁጭ፣ በር ለመክፈት ብድግ፣ ሻይ ለማፍላት ብድግ፣ ደግሞ ቁጭ። በቀን ስንት ጊዜ? ይህን ሳነብ አንቺ ከበርጩማሽ ከረከቦቱ ሥር ስትነሺ ስትቀመጪ ነው የታየኝ። ያን ነበር በሶፋ የለወጥኩልሽ። ለስላሳ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ለመነሣት ሰው ካልጎተተሽ አይሆንም።

ሊበሉ ሲሉ ደግሞ «ሀራ ሀቺ ቡ» ይላሉ። ሆድሽ ከአሥር ስምንት ሲሞላ አቁሚ ማለት ነው። እንደኛ ቤት ቢሆን ገና ስምንት ሳይሞላ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» የሚል ጉርሻ ይመጣል። ጉርሻሽን እወደዋለሁ፣ እንዳትተዪው። ብቻ ለራስሽ ሲሆን ስምንት ላይ ቁሚ።

ሞአይ የሚባል ነገርም አላቸው። ጓደኛሞች ሆነው በየጊዜው ይሰበሰባሉ፣ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ለተቸገረ ይሰጣሉ፣ የቀረውን ጊዜ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ይህ እቁብና ማኅበር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ያንቺ የማርያም ማኅበር ስንት ዓመቱ ነው? እኔ ሳልወለድ የጀመራችሁት። ተራሽ ሲደርስ «ጠላ መጥመቅ ይቅር፣ ለስላሳ ይገዛ፣ ዳቦውም ከዳቦ ቤት ይምጣ» ያልኩት እኔ ነኝ። በዝናብ አትውጪ ያልኩሽም እኔ። አሁን ሳስበው ጠላውን ለመጥመቅ ሦስት ጎረቤት ሳምንቱን ሙሉ ይመጣልሽ ነበር። አንዷ ጌሾ ትወቅጣለች፣ አንዷ ብቅል ታስፈጫለች፣ አንዷ ወሬ ታመጣለች። ለስላሳውን የሚያመጣው አንድ ባጃጅ ነው።

ኦኪናዋም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ከጦርነቱ በኋላ እስከ 1972 ድረስ አሜሪካ ነበር የሚያስተዳድራት። የጦር ሰፈሩ መጣ፣ ከሱ ጋር የቆርቆሮ ሥጋ፣ በርገር፣ መኪና መጣ። ገንዘቡም መጣ። ከጃፓን 47 ክፍላተ ሀገር በረጅም ዕድሜ ከፊት ከሚሰለፉት መካከል የነበሩት የኦኪናዋ ወንዶች በ2000 ወደ 26ኛ ደረጃ ወረዱ። ጃፓኖች ራሳቸው «የ26 ድንጋጤ» አሉት። አሮጊቶቹ አሁንም ጓሮ ውስጥ ናቸው፣ ልጆቻቸው ናቸው ቀድመው የሚታመሙት። ኮስታ ሪካ ውስጥም ኒኮያ የሚባል የባቄላና የበቆሎ አገር ነበር፣ እሱም እየጠፋ ነው ይላሉ። ምቾት የሚገባው በክፉ ሰው እጅ አይደለም እማዬ። እኔም ሊሾውን ያስደረግኩት ስለምወድሽ ነው።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም። ስለነዚህ ቦታዎች የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም። ጃፓን በ2010 መዝገቧን ስትፈትሽ መቶ ዓመት ያለፋቸው ከ230 ሺህ በላይ ሰዎች በወረቀት በሕይወት አሉ፣ የት እንዳሉ ግን የሚያውቅ የለም። የሞተውን ማን ይሰርዘዋል? ግሪክም የሞተ ሰው ጡረታ ሲበላ ተገኝቷል። የዕድሜ ነገር እንዲህ ነው። አንቺም አያቴ መቶ አሥር ዓመት ኖሩ ትያለሽ፣ ማስረጃው «ጣሊያን ሲገባ ሚስት ነበራቸው» ነው። እንከራከር ብንል ያጣላናል። ስለዚህ መቶ ዓመት ኑሪ እያልኩሽ አይደለም። በራስሽ እግር ቤተ ክርስቲያን ደርሰሽ እንድትመለሺ ነው የምፈልገው።

ወደ ሊሾው ልመለስ። ሮቶው አጠገብ ያለችው ጥግ፣ ሦስት በአራት ሜትር የምትሆነው፣ ጠዋት ፀሐይ ታገኛለች። ታናሼን በድጅኖና በመዶሻ አፍርሳት ብዬዋለሁ። «ስንት ብር የወጣበት ሊሾ!» ብሎ ጮኸብኝ፣ ግን እሺ ብሏል። ሥሩ ያለው አፈር ሦስት ዓመት ታፍኗልና ፍግ ይግባበት። ዙሪያውን በድንጋይ ከፍ አድርጎ ይሥራልሽ፣ ለጉልበትሽ እንዳታጎነብሺ። ክረምቱ ሳይገባ ቢደርስ ደስ ይለኛል።

ሠራተኛዋን አታሰናብቻት፣ እሷም እንጀራዋ ነው። ውሃ መቅዳቱንና ከባዱን እሷ ትሥራ። ቡናውን ግን አንቺ ቁይው፣ አንቺ ውቀጪው። በርጩማው ቆጥ ላይ ካለ አውርጂው፣ ብቻ ከፍ ያለውን፣ ያኛውን ዝቅተኛውን ጉልበትሽ እስኪሻለው ተይው። ለማኅበርሽ ጠላ ጥመቂ። ለስላሳውን እንግዳ ሲመጣም አታስገዢ። ክኒንሽን ደግሞ ጓሮ ጀመርኩ ብለሽ እንዳታቋርጪ፣ የስኳር ምርመራ ቀጠሮሽንም እንዳትረሺ።

ትናንት ለሴትዮዬ ስለ ጎመንሽ ነገርኳቸው። «ዘር አላት ወይ?» አሉኝ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው አሰቡት። ድሮ የጎመን ዘር በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቋጥረሽ ኩሽና ምሰሶ ላይ ሰቅለሽ ነበር። ኩሽናው ሲታደስ ጥለነው ይሆን? እሁድ ስደውል በመጀመሪያ እሱን ንገሪኝ፣ «በልተሻል ወይ» ከማለትሽ በፊት።

ልጅሽ