ለደንበኞቻችን፦ እግሩን ሳናይ ጫማ መስጠት ያቆምንበት ምክንያት

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከመስከረም ወር ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛው ራሱ መጥቶ እግሩ እኛው ዘንድ ካልተለካ ጫማ እንደማንሠራ፣ ተሠርቶ ያለቀውንም ቢሆን ለወኪል እንደማናስረክብ ማስታወቂያ መለጠፋችን ብዙዎቻችሁን አስቆጥቷል። ቁጣችሁን በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ በራችን ላይ ቆማችሁም ነግራችሁናል። ማስታወቂያውን ሳትሰሙ ከሩቅ መጥታችሁ ባዶ እጃችሁን ለተመለሳችሁ ሁሉ፣ ስለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ስለ ውሳኔው ራሱ ግን የምለው አለኝ፤ ረዘም ስለሚል በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ከደረሱኝ ቅሬታዎች ሁሉ የከነከነኝ «ድሮ ቁጥር ስንነግራችሁ ትሠሩልን ነበር፤ አሁን ስም ስታወጡ ኮራችሁብን» የሚለው ነው። ድሮ እንዲያ እንሠራ እንደነበር አልክድም። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ወደ እኛ ይመጣ የነበረው ደንበኛ አብዛኛው ስኳር እንዳለበት በቅርቡ የተነገረው፣ የእግሩ ስሜት ያልተነካና ሰፋ ለስለስ ያለ ጫማ ብቻ የሚፈልግ ሰው ነበር። ዛሬ የሐኪም ወረቀት ይዘው የሚመጡልን አብዛኞቹ የእግራቸው ነርቭ የተጎዳ፣ ጣቶቻቸው የታጠፉ፣ ቀደም ሲል ቆስለው የዳኑ ወይም ጣት የተቆረጠባቸው ናቸው። በእንዲህ ያለ እግር ላይ አንዲት ጎበጥ ያለች ስፌት ቁስል ለመፍጠር፣ ቁስሉም ሰውየውን ለወራት ሆስፒታል ለማመላለስ ይበቃል።

የጫማ ቁጥር የሚነግረን የእግርን ርዝመት ብቻ ነው፤ እሱም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የአንዱ 42 የሌላው 41 መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በስኳር ሕመምተኞች እግር ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የጫማው የውስጥ ርዝመት ከእግሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ ስፋቱ ከጣቶቹ ሥር ካለው የእግሩ ሰፊ ክፍል ጋር እኩል ሊሆን፣ ከፍታውም ጣቶቹ ሁሉ ሳይጫኑ የሚያርፉበት ሊሆን ይገባል። ልኩም የሚታየው ሰውየው ቆሞ፣ ቢቻል ደግሞ እግር አበጥ በሚልበት የቀኑ መጨረሻ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ካልሆነ አንለካም ማለታችንን የጠዋት እንቅልፍ ስለምንወድ እንደሆነ አድርጎ የጻፈልን ሰው አለ። በራችን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ክፍት ነው፤ ረፋዱን ስንቆርጥና ስንሰፋ ነው የምናሳልፈው።

«እሺ፣ በወረቀት ስለን እንላክላችሁ» ለምትሉ ደግሞ ባለፈው ክረምት የደረሰኝን አንድ ሥዕል ላንሳ። አንዲት ልጅ የእናቷን እግር በካሬ ደብተር ገጽ ላይ አሳርፋ ዙሪያውን በስክሪብቶ ከሳለች በኋላ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ ርዝመቱን እንኳ በማስመሪያ ለክታ ከጎኑ ጽፋበታለች። እናትየው በኋላ ራሳቸው መጥተው አቁሜ ስለካቸው ግን እግራቸው ከሥዕሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሰፋ። ሲሳሉ ተቀምጠው ስለነበር ክብደታቸው እግራቸው ላይ አላረፈም፤ ስክሪብቶውም በጎንና በጎን ወደ ውስጥ አጋድሎ ነበር። ይህ እንኳ ቢስተካከል ሥዕል ጨርሶ የማያሳየው ነገር አለ። ካልሲያቸውን አውልቄ ውስጥ እግራቸውን ስመለከት ከአውራ ጣታቸው ሥር ወፍራም መጅ ተጋግሯል፤ በመጁ መሐል የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ትታያለች። ያቺ ነጥብ ከመጁ ሥር ደም መቋጠሩንና ቁስል ሊወጣ መቃረቡን የምታመለክት ናት። እሳቸው ምንም አልተሰማቸውም፤ እንዲያውም ለምን ዝም ብዬ እንደማያት ገርሟቸው «ምነው ልጄ፣ ቆሸሸ እንዴ?» አሉኝ። የዚያን ዕለት ጫማ አልጀመርሁላቸውም፤ ወደ ሐኪማቸው ላክኋቸው፣ መጁ ተነሥቶ ቆዳው ሲያገግም ተመልሰው መጡ። ልጅቷ በላከችው ልክ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ጠባብ ጫማ በዚያችው ቦታ ላይ ሲፈትግ ይሰነብት ነበር።

«ሰውየው ራሱ ተስማማኝ እያለ እናንተ ምን አገባችሁ?» የሚልም ደርሶናል። ስሜቱን ያጣ እግር በልኩ የተሠራ ጫማ ሲያደርግ ያደረገ አይመስለውም፤ ጠበቅ ያለውን ሲያጠልቅ ግን ግፊቱ በትንሹም ቢሆን ስለሚሰማው «ይኸኛው ልክ ነው» ይላል። ስለዚህ የደንበኛውን ቃል አክብረን እንሰማለን፤ ልኩን የምናጸድቀው ግን በእጃችንና በመለኪያችን ነው። 10 ግራም ያህል ግፊት ሲያርፍበት የሚታጠፈውን፣ ክሊኒክ ውስጥ የምታውቁትን ቀጭን የናይለን ክር እኛም ዘንድ ታገኙታላችሁ። ክሩ ነክቶት ያልተሰማውን ቦታ በወረቀት ላይ ምልክት አድርገን ንጣፉን በዚያ መሠረት እንቆርጣለን። ቀኑን ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ ጫማቸው ውስጥ ረግጠው ውለው፣ ታክሲ ተሳፍረው፣ ገበያ ዞረው እኛ ዘንድ ሲያወልቁ ያየነው ደንበኛ አሉን። ለእኚህ አባት «ተስማማኝ» ማለት ምን ማስረጃ ይሆናል?

ይህን ሙያ ከየት እንዳመጣሁት የማታውቁ ትኖራላችሁ። ጫማ መስፋት የተማርሁት መርካቶ፣ ሸራ ተራ ነው፤ እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ ማስቲሽ እየቀባሁና ሶል እየጠረብሁ ነው ያደግሁት። ለታመመ እግር መሥራትን ያሳዩኝ ግን ዘነበወርቅ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ጫማ ሲሠሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ባለሙያ ናቸው። የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከሉ አለርት በ1958 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በዚያ አካባቢ ስሜቱን ላጣ እግር ጫማ መሥራት የታወቀ ሙያ ነው። የሥጋ ደዌም ሆነ ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር ላይ የሚያመጣው ጣጣ ይመሳሰላል፤ ሰውየው ስለማያመው አንዱን ቦታ ደጋግሞ እየረገጠ ያቆስለዋል። ሕንድ አገር ቬሎር ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እግር የሚያበላሸው ይኸው የማይሰማ ጉዳት መሆኑን አሳይቷል፤ በኋላም አሜሪካ ሄዶ ያንኑ ዕውቀት ለስኳር ሕሙማን አውሎታል። አስተማሪዬ የዚህን ሰው ስም ሳያነሡ አይውሉም ነበር። ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ የደንበኛውን እግር ጭናቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ሳይዳስሱ የጫማ ቅርጽ ማውጫውን ፎርማ ሲያነሡ አይቻቸው አላውቅም። እኔም የያዝሁት ይህንኑ ነው። አሁን «ኮራ» ስባል፣ ጎንበስ ብዬ እግር ስይዝ የዋልሁበትን ወገቤን እያሻሸሁ ስለምሰማው፣ ደስ እንደማይለኝ ብደብቃችሁ ውሸት ይሆንብኛል።

ስለ ዋጋውም ብዙ ተብሏል። «ይኼ እኮ ስፖንጅ ነው፤ ስፖንጅ በዚህ ዋጋ?» ያሉኝ አሉ። ተራ ስፖንጅ በጥቂት ሳምንት ተጨፍልቆ ያልቃል። እኛ የምናነጥፈው ተደራርቦ የሚሠራ ነው፤ የላይኛው ማይክሮሴሉላር የሚባለው ባለጥቃቅን ቀዳዳ ጎማ ወይም ፕላስታዞት የሚባለው የፕላስቲክ አረፋ ለስላሳ ሆኖ የእግሩን ቅርጽ ሲይዝ፣ የታችኛው ኢቪኤ የሚባለው ጠንከር ያለ አረፋ ክብደቱን ይሸከማል። የላዩ ቆዳና የገበሩ የበግ ሌጦ የአገራችን ናቸው፤ አፉን ሰፊ አድርገን በቬልክሮ የምንዘጋውም ደንበኞቻችን ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደጃፍ ላይ ሳይንገላቱ እንዲያወልቁት ብለን ነው። ንጣፎቹ ግን በዶላር የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አልፏል፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ኋላ አልተመለሰም። እኛ ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ በቀድሞው ዋጋ ቆይተን ነው አንዱን ጥንድ ከ5,800 ብር ወደ 8,500 ብር ያደረስነው። የቤት ኪራዩን አላነሣሁም፤ ለአከራዬ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ መለካቱ፣ ጫማው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚደረገው ምርመራና ማስተካከያው ሁሉ አለ። ለገንዘብ ብለን ቢሆን ኖሮ ቁጥር ተቀብሎ ካርቶን መላኩ ይቀለን ነበር፤ አንድ ሰው ለመለካት የሚፈጅብንን ጊዜ ሌላ ጫማ እንሰፋበት ነበር። ይህ ውሳኔ የመጀመሪያ ጉዳቱ በእኛው ገቢ ላይ መሆኑን እንድትረዱልን እፈልጋለሁ።

በተለይ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ የምታዝዙ ልጆች ቅር እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህ ቤት በክፉ ቀን የቆመው በእናንተም ትእዛዝ ነው፤ ያንን አልረሳም። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ለስኳር ሕመምተኛ በዓመት አንድ ጥንድ ጫማና ሦስት ጥንድ የውስጥ ንጣፍ ሲሸፍን፣ ጫማ አቅራቢው ሕመምተኛውን በአካል አይቶ እንዲለካ፣ ሲያስረክብም በአካል አድርጎለት ልክነቱን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ለእናቶቻችሁ ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ እንዳደርግ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ክፍያውን እንደ ቀድሞው ከዚያው መላክ ትችላላችሁ፤ ወላጃችሁን ይዞ የሚመጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ብቻ ፈልጉልን።

መጥታችሁም ጫማ ሳንሰጥ የምንመልሳችሁ ጊዜ ይኖራል። የተከፈተ ቁስል ያለው እግር የእኛ ጫማ አይበቃውም፤ ሐኪሙ ጄሶም ሆነ ሌላ ጫና የሚያነሣ ዘዴ መርጦለት መጀመሪያ መዳን አለበት። አንድ እግሩ በድንገት ያበጠ፣ የቀላና ከሌላኛው ይልቅ የሚሞቅ ሰውም፣ ባያመው እንኳ፣ ሐኪሞች ሻርኮ የሚሉት የአጥንት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ሆስፒታል እንዲሄድ እንነግራለን። «ጫማ ልገዛ መጥቼ ሟርት ነገራችሁኝ» ብለው የሄዱ አባት ቅር ቢሰኙብኝም ሐኪም ዘንድ ከሄዱ ይበቃኛል።

አሁን የምንሠራበት ሁኔታ እንዲህ ነው። የምንለካው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ስትመጡ የምታዘወትሩትን ካልሲና ያረጀውን ጫማችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ሶሉ የተበላበት ቦታ ብዙ ነገር ይነግረናል። ግማሽ ክፍያ የምንቀበለው ከተለካችሁ በኋላ ነው፤ በአንድ ሰው ልክ የተሠራ ጫማ ለሌላ ስለማይሆን ሥራው ከተጀመረ ቀብዱን መመለስ አንችልም። ጫማውን ስትረከቡ በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ አድርጋችሁ፣ አውልቃችሁ እግራችሁን እዩ፤ የቀላ ቦታ ካለ ደውሉልን። በየጊዜው ከማድረጋችሁ በፊትም እጃችሁን አስገብታችሁ ውስጡን ዳስሱ።

ከቤት መውጣት ለማይችሉ አዲስ አበባ ውስጥ ላሉ ሕሙማን እሑድ ከሰዓት በኋላ በቀጠሮ ቤታቸው ድረስ እንሄዳለን፤ ለዚህ የታክሲውን ብቻ ነው የምንጠይቀው። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ደግሞ አብዛኞቻችሁ ለሐኪም ቀጠሮ አዲስ አበባ መምጣታችሁ ስለማይቀር፣ ቀኑን ከሳምንት በፊት ብትነግሩን በዚያው ዕለት እንለካችኋለን፤ ማደሪያ ፍለጋ እንዳትቸገሩም ወረፋ እናስቀድማለን። ከደሴና ከጎንደር የምትመጡትን ሳስብ ይህ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ በየከተማው እየዞርሁ የምለካበትን አቅም ግን ዛሬ የለኝም። ያም ሆኖ ርቀቱ ከብዷችሁ ሌላ ቦታ ለመግዛት ከወሰናችሁ አልቀየማችሁም፤ እባካችሁ እዚያም ቢሆን እግሩን አይቶ ከሚለካ ሰው ግዙ።

በጳጉሜን ወርና ከዚያ በፊት ቀብድ የከፈላችሁ ደንበኞቻችን በቀድሞው ዋጋ እንሠራላችኋለን፤ እግራችሁ ገና ያልተለካ ካላችሁ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ኑ። ደረሰኙ ቢጠፋባችሁም ስማችሁ መዝገባችን ላይ ስላለ አትጨነቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት