የጤና ተማሪን በስልክ ብቻ ማሠልጠን አይቻልም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጤና ሳይንስ ትምህርት ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ይሰጥ ወይስ ከገጽ ለገጽ ትምህርት ጋር ይቀናጅ የሚለው ጉዳይ ሲነሳ የተማሪው ድምፅ እምብዛም ስለማይሰማ፣ በአዋላጅ ነርስነት ተመርቄ የምሠራ እንደመሆኔ የበኩሌን ለማለት ወድጃለሁ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ወደየቤታችን ተበተንን፤ ማስታወሻዎችም በቴሌግራም ይላኩልን ጀመር። የፓርቶግራፍ (የምጥ ሂደት መመዝገቢያ ግራፍ) አሞላልን ያጠናሁት ከስልኬ ላይ ነው። የማስጠንቀቂያው መስመር የማህፀን በር በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል በሚል ስሌት እንደሚሰመር፣ የእርምጃው መስመር ደግሞ ከዚያ በ4 ሰዓት ርቆ እንደሚገኝ በቃሌ እወጣው ነበር። ይሁንና ማዋለጃ ክፍል ገብቼ ጓንት አጥልቄ ስመረምር፣ ጣቶቼ የዳሰሱት 4 ይሁን 6 ሴንቲ ሜትር መለየት አቃተኝ። አጠገቤ የቆሙት ሲስተር ከእኔ በኋላ መርምረው ባያርሙኝ ኖሮ የተሳሳተ ቁጥር መዝግቤ እወጣ ነበር፤ እናቲቱ በምጥ ተይዛ የአልጋውን ብረት ጨብጣ የያዘችበት ሁኔታ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

ይህን ስል የኢንተርኔት ትምህርትን ማጣጣሌ አይደለም። ፋርማኮሎጂን (የመድኃኒት ሳይንስን) በተቀዳ ትምህርት ሦስት አራት ጊዜ መልሼ ማዳመጤ ከክፍሉ ንግግር በላይ ጠቅሞኛል። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡ ተቀድቶ አስቀድሞ ይሰጠን፣ ተማሪው ዳታ ሳይገዛ ከግቢው እንዲያወርደው ይመቻች፣ በዚህ የተረፈው የክፍል ሰዓትም ለክህሎት ላቦራቶሪና ለተግባር ልምምድ ይዋል እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አዋላጅ ነርስ