ዘመዴን ለይልኝ

ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ሦስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ በዓሣ ሰበብ ብቅ የሚል እኔ ብቻ ነኝ። የእማማ ለቅሶ ላይ አልነበርኩም፤ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ምን ብዬ እንደምጀምር ይጠፋኝ ነበር። ሲቆይ ደግሞ ባሰበት። ይቅር በለኝ። እሱን ፊት ለፊት እናወራዋለን፤ አሁን ወደ ዓሣው ልግባ።

ቅዳሜ አንድ ልጅ ዓሣ አንጠልጥሎ በራችን ላይ ቆመ። "ምንድን ነው?" ስለው "ነጭ ዓሣ" አለኝ። ያው ጣና ላይ ቀረሶም አምባዛም ካልሆነ ነጭ ዓሣ ነው። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ የአፉን ስፋት አይቶ "ይሄማ ናይል ፐርች ነው" ብሎ ድርቅ! ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የለም፤ ጢስ ዓባይን ማን አሻገረው? ፏፏቴውን ዘሎ መጣ? ደግሞ ናይል ፐርች ጢም የለውም። ይሄኛው በአፉ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት አለው። "ዓሣ በል ነጭ ዓሣ ነው" አልኩት።

"እሺ፣ ዓሣ በል ከሆነ ጥርሱ የታለ?" አለኝ። ጣቱን ከትቶ መንጋጋውን ዳበሰ። ምንም የለም። ያኔ ቢላ አመጣሁ። ከስንጥቡ ኋላ ጉሮሮውን ስከፍተው ያ የምናውቀው የጉሮሮ አጥንት ብቅ አለ፤ ጥርሶቹ እንደ መንጠቆ ጎብጠው ተደርድረዋል። ሆዱ ውስጥ ደግሞ የጣት ያህል ዓሣ አለች፣ ግማሿ የሟሟ። ሰውዬው ጸጥ አለ።

እኔ ግን እዚህ ላይ ቆምኩ። ከጣና 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ዓሣ በሎቹ 8 ናቸው። ይሄ የትኛው ነው? አፉ ሦስት ጣት ያስገባል፤ አፍንጫው ግን ሹል ብሎብኛል። ሜጋስቶማ ነው ወይስ አፍንጫ ሹሉ አኩቲሮስትሪስ? ወሬዬ ሲበዛብህ ሜጋስቶማ፣ አፈ ሰፊው፣ ትለኝ አልነበር? እንግዲህ ዘመዴን ለይልኝ። ጭንቅላቱን ከማስመሪያ ጋር አንስቼዋለሁ፣ ፎቶውን እልክልሃለሁ። ሥጋው ፍልሰታ እስኪፈታ ፍሪዘር ውስጥ ነው። ባለቤቴ ዓሣ በጾም አይበላም ባይ ናት፤ እኔ ዘንድሮ አልተከራከርኳትም።

አንድ ያልነገርኩህ አለ። ሆዱ በእንቁላል ጢም ብሎ ነበር። ልጁን "ከየት ያዛችሁት?" ስለው "ጉማራ ወንዝ አፉ ላይ" አለኝ። በነሐሴ! ሊራቡ ወደ ወንዙ ሲሰበሰቡ በሩ ላይ መረብ ይዘረጋባቸዋል እያልን ስንት ገጽ ጻፍን? እኔ ደግሞ ከፈልኩ፤ ዋጋውንም ተከራክሬ አስቀነስኩ። ልጁ ምን ያድርግ፣ ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያ ነው። እኔ ግን አውቄ ነው።

እንቁላሉን ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ልጄ "አባዬ፣ ምንድን ነው?" ስትለኝ "ምንም" አልኳት። አንተን ያሰብኩህ ያኔ ነው።

የድሮው ቁጥርህ ይሠራል? ማታ ማታ እሞክራለሁ። ካላነሳኸው… አይ፣ አንሳው።

ያው ሜጋስቶማ
ባሕር ዳር